የመኪናዎ ጂፒኤስ በወንጀል ክስ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ፦ ለወሎ ሹፌሮች፣ ባለንብረቶችና ጠበቆች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከጅቡቲ በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚገባ የጭነት መኪና ዛሬ ቢያንስ ሦስት ቦታ ዱካ ይተዋል። አንዱ የተገጠመለት ጂፒኤስ ነው፤ ሁለተኛው የሹፌሩ ስልክ፤ ሦስተኛው ሰሌዳ ቁጥር ተመዝግቦ በቴሌብር የተከፈለ የነዳጅ ሂሳብ። ጉምሩክ በኤሌክትሮኒክ ማሸጊያ ካሸገው አራተኛም አለ። የኮንትሮባንድ፣ የመኪና ስርቆት፣ ሰው ገጭቶ የማምለጥ ወይም የዘረፋ ምርመራ ሲከፈት መርማሪው ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው «መኪናው በዚያ ሰዓት የት ነበር?» ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ቀይ መስመር የተሰመረበት የካርታ ወረቀት ሆኖ መዝገቡ ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ ማሽን ያወጣው ስለሆነ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንገንዘብ። በአገራችን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የተገኘ የመገኛ ማስረጃ በዚህ ምክንያት ብቻ ከመዝገብ እንዲወጣ የሚያስገድድ ጠቅላላ ድንጋጌ የለም። ስለዚህ «ያለ ትእዛዝ ነው የተወሰደው» ብሎ መቃወም የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ወረቀቱ ስለ ቦታው፣ ስለ ሰዓቱና ስለ ሰውየው የሚለው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ነጥብ በነጥብ መመርመር ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን የተወ ተከሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል።

ሕጉ ምን ይላል?

መነሻው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ነው። ንዑስ አንቀጽ 1 ሰውን፣ መኖሪያንና ንብረትን ከመመርመር፣ በግል ይዞታ ያለ ንብረትንም ከመያዝ ይጠብቃል፤ መኪና ንብረት ነው። ንዑስ አንቀጽ 2 በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል። ንዑስ አንቀጽ 3 ገደብ የሚፈቀደው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ለተዘረዘሩት ዓላማዎች በወጣ ዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ችሎት ላይ የሚሠራው ጥያቄ ከዚህ ይወጣል፦ «ፖሊስ ይህን ያደረገው በየትኛው ዝርዝር ሕግ ነው?»

ዝርዝር ሕጎቹ እንደ ወንጀሉ ዓይነት ይለያያሉ። በሽብር ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1176/2012፣ በገንዘብ ማጠብ አዋጅ ቁጥር 780/2005፣ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ልዩ የምርመራ ዘዴዎችን ያውቃሉ፤ በመርሕ ደረጃም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃሉ። ለተራ ስርቆት ወይም ለትራፊክ ወንጀል ግን መኪና ላይ መከታተያ ስለ መግጠም የሚናገር ዝርዝር ሕግ አያገኙም። ያለው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፤ እሱ ሲወጣ ጂፒኤስ የሚባል ነገር አልነበረም። አንቀጽ 32 እና 33 የሚናገሩት ስለ ብርበራ ነው፦ ትእዛዝ ያስፈልጋል፣ ትእዛዙ የሚፈለገውን ንብረት ይገልጻል፣ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ብርበራው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደረጋል። መርማሪው ግቢ ገብቶ የቆመ አይሱዙ ሥር መሣሪያ ከለጠፈ በእነዚህ አንቀጾች ይመዘናል። አቤቱታ ከመጻፍዎ በፊት አንቀጾቹ እንዳልተሻሻሉ በነጋሪት ጋዜጣ ያረጋግጡ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ከአንድ ሰው ጋር የሚያያዝ የመገኛ መረጃ የግል ዳታ ስለሆነ ሹፌሩ ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት መብት አለው። ለወንጀል ምርመራ ልዩ ሁኔታ ስላለው ክስን ለማስቆም አያገለግልም። ዳታውን ለማግኘት ግን ጠቃሚ ነው፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የውጭ ፍርዶችን መጥቀስ የሚወዱ ጠበቆች አሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 በጆንስ ጉዳይ መኪና ላይ ጂፒኤስ ለጥፎ 28 ቀን መከታተል ብርበራ ነው ብሏል፤ በ2018 በካርፔንተር ጉዳይ የስልክ ማማ መገኛ ታሪክ ለማግኘት በመርሕ ትእዛዝ ያስፈልጋል ብሏል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ግን በ2010 በኡዙን ጉዳይ የጀርመን ፖሊስ የጂፒኤስ ክትትል መብት አልጣሰም ብሎ ወስኗል። ለማሳመኛ ይጠቀሳሉ እንጂ ዳኛውን አያስገድዱም፤ ሦስተኛውን ደብቆ ሁለቱን ብቻ የጠቀሰ ጠበቃ ደግሞ ተዓማኒነቱን ያጣል። ከእነሱ ይልቅ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 17፣ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13(2) ጋር ተያይዞ ሲቀርብ፣ ይበልጥ ይጠቅማል።

እርምጃ 1፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳታው እንዳይጠፋ ማድረግ

ክርክሩ ወራት ይፈጃል፤ የጂፒኤስ አገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ግን አሮጌውን ዳታ በየጊዜው ያጸዳል። አንዳንዱ ሦስት ወር፣ አንዳንዱ ስድስት ወር፣ ሌላው እንደ ተከፈለው ያስቀምጣል። መከላከያ ማስረጃ እስኪባል ከጠበቁ የሚቀርልዎ ዐቃቤ ሕግ ያተመው ወረቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰው በተያዘ ወይም መኪና በታገደ ማግሥት ለአገልግሎት ሰጪው ደብዳቤ ይግባ። ቅጂው ላይ የደረሰኝ ማኅተም ያስመቱበት፤ በስልክ ብቻ ተነጋግሮ መቅረት ኋላ ላይ «አልሰማንም» ያስብላል። ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

«ሰሌዳ ቁጥሩ … በሆነው ተሽከርካሪ ላይ ከተገጠመውና የአይኤምኢአይ (የመሣሪያው መለያ) ቁጥሩ … ከሆነው መሣሪያ ከ… እስከ … ቀን ድረስ ወደ ሰርቨራችሁ የተላከው ዳታ በሙሉ፣ በአካውንቱ ላይ ማን መቼ ገብቶ ምን እንዳስተካከለ የሚያሳየው መዝገብም ጭምር፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት እስኪጠናቀቅ ሳይሰረዝና ሳይለወጥ እንዲቆይልን እንጠይቃለን።»

የሚጠየቀው ጊዜ ክሱ ከሚለው ቀን ሰፋ ይበል፤ ቢያንስ ሰባት ቀን በፊትና ሰባት ቀን በኋላ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መሣሪያው በደህናው ቀን እንዴት ይሠራ እንደነበር ካልታየ በዚያ ቀን መበላሸቱ አይታወቅም።

የስልክ ጥሪና የማማ መረጃ ደግሞ ሌላ ሰዓት አለው። አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን (ግንኙነቱ ከየት ወዴት፣ መቼ እንደተደረገ የሚያሳየውን መዝገብ) ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። ዓመቱ ከመድረሱ በፊት ለፍርድ ቤት ያመልክቱ።

በዚህ ጊዜ የማይደረጉ ነገሮችም አሉ። መሣሪያውን አይንቀሉ። አፑ ውስጥ ገብተው የመኪናውን ስም ወይም ሰሌዳ አይቀይሩ። ምንም ነገር አይሰርዙ፤ ንጹሕ የነበረ ሰው ማስረጃ በማጥፋት ሊከሰስ ይችላል። ጣቢያ የተያዘ ሹፌር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ያለመናገር መብት አለው፤ በ48 ሰዓት ውስጥም (የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር) ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። «ስልክህን ክፈት» ሲባል «ትእዛዝ ካለ አሳዩኝ፤ ከጠበቃዬ ጋር ተነጋግሬ ነው» ማለት በቂ ነው፤ መሟገትም መሳደብም አያስፈልግም። ከፈተ ደግሞ በፈቃዱ ይሁን ተገዶ፣ ማን ፊት እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደነበር ለጠበቃው ይንገር። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው አንቀጽ 19(5) በግልጽ ይናገራል።

እርምጃ 2፦ ማስረጃው ከየት እንደመጣ መለየት

የክሱን የማስረጃ ዝርዝር ይክፈቱና «የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ ሪፖርት» የሚለው ሰነድ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ይለዩ፦

ባለንብረቱ በራሱ መኪና ላይ ያስገጠመው ጂፒኤስ ከሆነ ፖሊስ ያገኘው ከባለንብረቱ ፈቃድ ወይም ከድርጅቱ ነው። እዚህ የሹፌሩ የግላዊነት ክርክር ይዳከማል፤ መኪናው የሱ አይደለም፣ መከታተያ እንዳለበትም ያውቃል። ሆኖም ከድርጅቱ የተወሰደው በተራ የፖሊስ ደብዳቤ ነው ወይስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚለው ጥያቄ አይቀርም።

ፖሊስ ራሱ የለጠፈው ከሆነ ክርክሩ በአንቀጽ 26 ሙሉ ጉልበት ይቀርባል። ትእዛዙ ለስንት ቀን እንደተሰጠ፣ ለየትኛው መኪና እንደሆነ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ የተሰበሰበ ዳታ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ።

የስልክ ማማ መረጃ ከሆነ የሚያሳየው የሲም ካርዱን እንጂ የመኪናውን ቦታ አይደለም።

የጉምሩክ ኤሌክትሮኒክ ማሸጊያ ከሆነ ማሸጊያው ኮንቴይነሩን ወይም ጭነቱን ይከተላል። ጭነት ከተዘዋወረ ከመኪናው ጋር ይለያያል።

አንድ ሰው በሌላ ሰው መኪና ላይ በስውር የለጠፈው መከታተያም ያጋጥማል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪኮች ሲካሰሱ የሚደረግ ነው። የግል ሰው ያመጣው ስለሆነ ዳኛው «ፖሊስ አልበረበረም» ሊል ይችላል፤ መልሱ የአንቀጽ 26 ንዑስ አንቀጽ 1 መብቱን የሰጠው «ማንኛውም ሰው» ብሎ መሆኑ ነው።

እርምጃ 3፦ ካርታውን ትቶ ጥሬውን ዳታ መጠየቅ

የታተመ ካርታ ማለት ተቀቅሎ የቀረበ ወጥ ነው፤ ውስጡ ምን እንደገባ በዓይን አይለይም። ሶፍትዌሩ በሁለት ነጥቦች መካከል ቀጥ ያለ መስመር ይሰምራል፤ አንዳንዱም ነጥቡን ጎትቶ ቅርብ የሚለው መንገድ ላይ ያስቀምጠዋል። መኪናው በዚያ መንገድ አላለፈም ማለት ነው? አይደለም። አልፏል ማለትም አይደለም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(4) ተከሳሽ የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ የመመልከት መብት አለው። በዚህ ላይ ተመሥርተው ፍርድ ቤቱ ጥሬው ፋይል በሲዲ ወይም በፍላሽ እንዲቀርብ እንዲያዝ ያመልክቱ። አገልግሎት ሰጪው ለሹፌሩ «የአካውንቱ ባለቤት አይደለህም» ብሎ ቢመልሰውም የፍርድ ቤት ትእዛዝን መመለስ አይችልም። በፋይሉ ውስጥ መኖር ያለባቸው፦

– የመሣሪያው አይኤምኢአይ (15 አሃዝ) እና የሲም ቁጥሩ
– መሣሪያው ነጥቡን የያዘበት ሰዓት፣ ለብቻውም ሰርቨሩ የተቀበለበት ሰዓት
– ላቲትዩድ (የሰሜን–ደቡብ ልኬት)፣ ሎንጊትዩድ (የምሥራቅ–ምዕራብ ልኬት)፣ ከፍታ፣ ፍጥነት፣ አቅጣጫ
– የሳተላይት ብዛት፣ ኤችዲኦፒ (ሲበዛ የቦታው ትክክለኛነት የሚቀንስ መለኪያ)፣ ነጥቡ የጸና ነው ወይስ አይደለም የሚለው ምልክት
– የሞተር ቁልፍ ሁኔታ (ኤሲሲ) እና የባትሪ ቮልቴጅ
– መሣሪያው ከየትኛው ሰሌዳ ጋር መቼ እንደተያያዘና ማን እንዳያያዘው የሚያሳይ መዝገብ

ፋይሉ ሲደርስዎ ሃሹ (የፋይሉ ዲጂታል አሻራ፤ ሻ-256 ከሆነ 64 ፊደልና ቁጥር) ወዲያው ተሰልቶ ይመዝገብ። ቆይቶ «ቀይራችሁታል» የሚል ክርክር ሲነሳ መልስ የሚሆነው እሱ ነው። ከዐቃቤ ሕግ በኩልም ሃሽ ተመዝግቦ እንደነበር ይጠይቁ።

እርምጃ 4፦ ሰዓቱን ማረም

ከሁሉ በላይ ስህተት የሚገኘው እዚህ ነው። ጂፒኤስ የሚሠራው በዩቲሲ፣ ማለትም ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነ ሰዓት ነው። ሰርቨሩ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ሊቀይረው ይችላል፣ ላይቀይረውም ይችላል። ቻይና ሠራሽ የሆኑ ብዙ መሣሪያዎች ደግሞ ካልተስተካከሉ በቤጂንግ ሰዓት ይቆያሉ፤ ያ ከእኛ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። ከዚያ በኋላ መርማሪው ወደ ሐበሻ ሰዓት ይቀይራል። አራት ሰዓት አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ ተደራረበ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጥሬው ፋይል ላይ «2024-11-14 18:40» ተጽፏል። ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ነው። መርማሪው 18:40ን የአገራችን ሰዓት መስሎት «ከምሽቱ 12:40» ብሎ ከጻፈ ተሳስቷል። ዩቲሲ ከሆነ ሦስት ሰዓት ይጨመርና 21:40 ይሆናል፤ በሐበሻ ሰዓት ከምሽቱ 3:40። ባቲና ኮምቦልቻ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት። በሦስት ሰዓት ልዩነት አንድ አይሱዙ ባቲ ጭኖ ኮምቦልቻ ሊያራግፍ ይችላል። ክሱ «12:40 ላይ ኮምቦልቻ መጋዘን በር ላይ ነበር» የሚል ከሆነና የባቲ ነዳጅ ማደያ ደረሰኝ 1:15 ምሽት የሚል ከሆነ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም።

አቋራጭ ስሌት፦ ከዩቲሲው 3 ይቀንሱ፤ ከ12:59 ከበለጠ 12 ይጣሉ፤ ከ1:00 በታች ከወረደ 12 ይጨምሩ። ለ18:40፦ 15:40፣ ከዚያ 3:40።

ቀኑም ይወናበዳል። በዚያው ቀን 22:10 ዩቲሲ የተመዘገበ ነጥብ በእኛ ከሌሊቱ 7:10 ነው። ፋይሉ «ኖቬምበር 14» ይላል፤ በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ግን አገራችን ኖቬምበር 15 ገብታለች። ምስክሩ ደግሞ «ሐሙስ ለአርብ አጥቢያ» ይላል። ክሱ ቀኑን በምን እንደቆጠረ ሳይጠየቅ ታልፎ ተከሳሹ ለተሳሳተ ሌሊት መከላከያ ምስክር ያሰማል። «ያን ሌሊት ሠርግ ቤት ነበርኩ» የሚለው ምስክርነት ከንቱ የሚሆነው በዚህ ነው።

የመጨረሻው የሰዓት ጉዳይ ኔትወርክ ነው። መሣሪያው ኔትወርክ ሲያጣ ነጥቦቹን በሆዱ ይይዝና ሲመለስለት በአንድ ጊዜ ይልካቸዋል። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ሲቆይ ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነበር። ሪፖርቱ የተቀበለበትን ሰዓት እንደ ያዘበት ሰዓት ካተመው መኪናው በሌለበት ሰዓት ያለ ይመስላል። ምልክቱ ይታወቃል፦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ነጥብ ይገባል።

እርምጃ 5፦ ቦታውን መፈተሽ

ላቲትዩድ ላይ 0.001 ዲግሪ 111 ሜትር ገደማ ነው፤ 0.0001 ደግሞ 11 ሜትር። ስለዚህ ሦስት የአሥርዮሽ አሃዝ ብቻ ያለው ወረቀት «በዚህ መጋዘን በር ላይ» ለማለት አያበቃም፤ ሰፈሩን እንጂ በሩን አይናገርም።

የዲግሪና የደቂቃ መቀላቀልም አለ። መሣሪያው ራሱ የሚያወጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ በዲግሪና በደቂቃ ነው። 1107.800 ማለት 11 ዲግሪ ከ7.8 ደቂቃ፣ ማለትም 11.1300 ነው፤ ደሴ ከተማ ገደማ። ይህን 11.07800 ብሎ ያነበበ ሰው ነጥቡን ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወሰደው። ሎንጊትዩዱም 3937.800 (39.6300) ሆኖ ሳለ 39.37800 ከተባለ ወደ ምዕራብ ከ27 ኪሎ ሜትር በላይ ይሸሻል።

በእኛ አገር አቀማመጥ ሌላ የሚረዳ ነገር አለ፤ ከፍታ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። ጂፒኤስ በከፍታ ላይ በአሥር ሜትሮች ይሳሳታል እንጂ በስድስት መቶ አይሳሳትም። ካርታው ኮምቦልቻ እያለ የከፍታው ዓምድ 2,480 የሚል ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ዐቃቤ ሕግ የሚያቀርበው ሪፖርት ይህን ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ አያትመውም፤ ጥሬው ፋይል ላይ ግን አለ።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ሐረጎ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ፈተና አለ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ስለሚወርድ የላይኛውና የታችኛው መንገድ በካርታ ላይ ተቀራርበው በመንገድ ርቀት ይራራቃሉ። የጦሳን ዓይነት ተራራ ሥር ወይም ገደል ውስጥ ሲሆን የሳተላይቱ ምልክት ከድንጋዩ እየነጠረ ስለሚመጣ ስህተቱ ከተለመደው 5 እና 10 ሜትር አልፎ ወደ አሥሮች ሜትር ይወጣል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ መኪና የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ጭራሽ ምልክት የለም። የሳተላይቱ ብዛት ከ4 በታች የሆነበት ወይም ኤችዲኦፒው ከ5 በላይ የሆነበት ነጥብ ለትክክለኛ ቦታ ማስረጃነት ደካማ ነው።

ፍጥነቱን እርስዎ ራስዎ ያስሉት። ከደሴ ኮምቦልቻ በአየር 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመንገድ ግን 25 ይጠጋል። ሁለት ነጥብ በ10 ደቂቃ ልዩነት አንዱ ደሴ ሌላው ኮምቦልቻ ቢሆን ሶፍትዌሩ በቀጥታ መስመር አስልቶ በሰዓት 78 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ለዓይን ደህና ይመስላል። በመንገዱ ርቀት ሲሰላ 150 ነው። ሐረጎን በ150 የሚወርድ የጭነት መኪና የለም።

እርምጃ 6፦ መሣሪያው በእርግጥ በዚያ መኪና ላይ ነበር?

ሰርቨሩ የሚያውቀው አይኤምኢአይን ነው፤ ሰሌዳውን ያስገባው ሰው ነው። ብዙ መኪና ያለው ድርጅት መሣሪያ ከአንዱ ነቅሎ ሌላው ላይ ሲገጥም ስሙን ሳይቀይር ይረሳል። ለዚህ የሚረዳው የቮልቴጅ ዓምድ ነው። ሲኖትራክና አይሱዙ የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው፤ ሞተር ሲነሳ ከ27 እስከ 28 ያሳያሉ። ፒክአፕ፣ የቤት መኪናና ባጃጅ 12 ቮልት ናቸው፤ ሲነሱ 14 ገደማ። በክሱ ሲኖትራክ ነው የተባለው መሣሪያ ቀኑን ሙሉ 13.9 ካሳየ እሱ ሲኖትራክ ላይ አልነበረም። ይህን ለማስረዳት ትልቅ ባለሙያ አያስፈልግም፤ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሽያን መስክሮ ያስረዳል።

ቁልፍ ጠፍቶ የቆመ መኪና ነጥቡ በዙሪያው ሲዋልል ማየት የተለመደ ነው። ፍጥነት 2 ወይም 3፣ ኤሲሲ ጠፍቷል፣ ቮልቴጁ 25 ገደማ፦ ይህ እንቅስቃሴ አይደለም።

እርምጃ 7፦ መሪው ላይ ማን ነበር?

ጂፒኤስ ሰው አያይም። ዐቃቤ ሕግ መኪናውን ከተከሳሹ ጋር የሚያያይዝ ሌላ ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ እርስዎም የሚያፈርስ ካለዎት አሁን ይሰብስቡ። የሚፈለጉት፦ የመናኸሪያ ስምሪትና መውጫ፣ የድርጅቱ የቁልፍ ርክክብ ደብተር፣ የኬላና የሚዛን ጣቢያ መዝገብ፣ የነዳጅ ክፍያ መልእክት (የማን ስልክ እንደከፈለ ጭምር)፣ ሹፌሩ ያደረበት አልጋ ቤት መዝገብ። ረዳቱና ተለዋጭ ሹፌሩ ቃላቸውን ለየብቻ ለጠበቃው ይንገሩ፤ ተነጋግረው የተሰናዳ ቃል መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ይፈርሳል።

የስልክ ማማ መረጃ ከቀረበ ከጂፒኤሱ እጅግ የላላ መሆኑን ያስታውሱ። የጂኤስኤም ማማ በቴክኒክ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ በተራራማ አገር ስልክ ቅርቡን ማማ ትቶ ከሸለቆው ማዶ በግልጽ የሚታየውን ይይዛል። «ስልኩ የሐይቅ ከተማን ማማ ይዟል» ማለት «ሰውየው ሐይቅ ነበር» ማለት አይደለም።

እርምጃ 8፦ ችሎት ላይ

መቃወሚያው መቅረብ ያለበት ማስረጃው ሊሰማ ሲል ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 146 አንድ ማስረጃ እንዳይቀርብ ተቃውሞ ሲነሳ ፍርድ ቤቱ ወዲያው እንዲወስንና ምክንያቱን እንዲመዘግብ ይላል። ስለዚህ በአፍ ብቻ አይቅር፤ «ተቃውሞዬ በመዝገቡ ላይ ይያዝልኝ» ይበሉ። ውድቅ ቢደረግ እንኳ የተመዘገበ ተቃውሞ ለይግባኝና ለሰበር መነሻ ይሆናል፤ ያልተነሳ ነገር ግን በይግባኝ ሲነሳ ዳኛው ፊቱን ያዞራል።

አቀራረቡ ደረጃ ይኑረው። መጀመሪያ፦ ማስረጃው አንቀጽ 26ን ጥሶ የተገኘ ስለሆነ፣ በአንቀጽ 9(1) መሠረት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን አሠራር ተፈጻሚነት ስለሌለው አይቅረብ። ቀጥሎ፦ ይህ ቢታለፍ እንኳ እውነተኛነቱ አልተረጋገጠም። አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 34 ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ የሚያቀርብ ወገን እውነተኛነቱን እንዲያረጋግጥ ሸክሙን ይጥልበታል። አዋጁ የተጻፈው ለኮምፒውተር ወንጀል ስለሆነ ዐቃቤ ሕግ «እዚህ አይሠራም» ይላል፤ በማመሳሰል እንዲታይ ይጠይቁ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም የኤሌክትሮኒክ መልእክትን ማስረጃነት ከተዓማኒነቱ ጋር ያያይዘዋል። በመጨረሻ፦ ቢቀበለው እንኳ ክብደት አይሰጠው።

መስቀለኛ ጥያቄ አጭር ይሁን፤ እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ፍሬ ነገር ብቻ ይያዝ። ሪፖርቱን ያቀረበው የድርጅቱ ሠራተኛ ከሆነ፦

«ይህን ወረቀት ከሲስተሙ ያወጡት እርስዎ ነዎት?»
«ሲስተሙ የተስተካከለው በየትኛው አገር ሰዓት ነው?»
«መሣሪያውን መኪናው ላይ የገጠሙት እርስዎ ነዎት? ሲገጠም አይተዋል?»
«በ12:40 እና በ12:52 መካከል ስንት ነጥብ አለ?»
«ነጥብ ከሌለ ይህን መስመር ያሰመረው ማን ነው?»
«መሪው ላይ ማን እንደነበረ ሲስተሙ ያሳያል?»

መልሱን የማያውቁትን ጥያቄ አይጠይቁ፤ በተለይ «ታዲያ እርግጠኛ ነዎት?» የሚለውን። ምስክሩ «አዎ» ብሎ የተሠራውን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ወረቀቱ በመርማሪ ፖሊስ ብቻ ቀርቦ ከድርጅቱ ማንም ካልመጣ፣ ሲስተሙን የሚያውቅ ሰው እንዲጠራ ያመልክቱ፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 143 ፍርድ ቤቱ ተጨማሪ ምስክር እንዲጠራ ያስችለዋል። የመከላከያ ባለሙያ ሩቅ መፈለግ አያሻም፦ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራን የዩቲሲንና የኮኦርዲኔት ነገርን ለዳኛ በአማርኛ ማስረዳት ይችላሉ። ባለሙያው ሪፖርቱን ከሁለት ገጽ አያስበልጥ፤ አንዱ ገጽ ሠንጠረዥ ይሁን፦ ጥሬው ሰዓት፣ የታረመው ሰዓት፣ ክሱ ያለው ሰዓት፣ ልዩነቱ።

ለባለንብረቶች፣ ክስ ሳይመጣ

ሲቀጥሩ ሹፌሩ መኪናው ላይ ጂፒኤስ እንዳለ፣ ምን እንደሚመዘግብና ለማን እንደሚታይ በጽሑፍ አስፈርሙት። አካውንቱን አንድ ሰው ብቻ ይያዘው፤ የይለፍ ቃሉን ግማሽ ቤተሰብ የሚያውቀው ሲስተም ማስረጃ ለመሆን ያስቸግራል። ሲስተሙን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት አስተካክሉና ያስተካከሉበትን ቀን ጻፉ። መሣሪያ ሲነቀልና ሲገጠም ቀኑን፣ አይኤምኢአዩንና የመኪናውን ሰሌዳ በደብተር መዝግቡ። የቁልፍ ርክክብ በፊርማ ይሁን፤ በኮንትሮባንድ ጉዳይ መኪናው ራሱ ሊወረስ ስለሚችል «ሹፌሩ ሳላውቅ ነው የወሰደው» የሚል ባለንብረት ከቃሉ ሌላ የሚያሳየው ነገር ያስፈልገዋል። በየወሩ ጥሬውን ዳታ አውርዳችሁ በፍላሽ አስቀምጡ፤ ለአንድ መኪና የወር ፋይል ጥቂት ሜጋባይት ነው።

ፖሊስ ዳታ ሲጠይቃችሁ በስልክ ስክሪን አሳይታችሁ አትሸኙት። የጽሑፍ ጥያቄውን ወይም ትእዛዙን ቅጂ ያዙ፣ የሰጣችሁትን ፋይል ቅጂ አስቀሩ፣ ለማን፣ በስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሰጣችሁ አስፈርሙ። ያ ፊርማ ከስድስት ወር በኋላ ለዐቃቤ ሕግም ለሹፌሩም እኩል ይፈለጋል።